የቀኝ ጌታው ወገብ

ቀኝ ጌታ ሐብተ ማርያም ወገባቸውን የተቀጩት በእልህ ነው። ከሳንጃ የመጣ የሰሊጥ ጆንያ ደጃፍ ላይ ተጥሎ ነበር። ሚስታቸው እማዋይሽ «ጎረቤት እስኪመጣ ይቆይ፤ እርስዎ የዜማ ሰው ነዎት» ብትላቸው፣ «የዜማ ሰው ክንድ የለውም?» ብለው ብድግ አደረጉት። ጆንያው ተነሣ። እሳቸው ግን ቀና ማለት አቃታቸው።

ቀኑ ጥቅምት ሃያ አምስት ነበር። የቁስቋም በዓል ኅዳር ስድስት ነው፤ ዐሥራ አንድ ቀን ቀረው ማለት ነው። ሐብተ ማርያም በዚያ ደብር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀኝ በኩል የሚቆሙትን ዘማሪዎች መርተዋል። ሌላ ሀብት የላቸውም፤ ያቺ ቦታ ናት ሀብታቸው። የደብሩ አለቃ ሊጠይቋቸው መጡና «እግዜር ይማርዎ» ብለው ሲያበቁ፣ በሩ ላይ ዘወር አሉ። «ለበዓሉ ካልቆሙ ግን ቦታውን ለግራ ጌታ እንሰጣለን። ምን ይደረግ!»

ግራ ጌታ ወልደኢየሱስም አብረው መጥተው ነበር። እጅግ አዘኑ። ሲያዝኑ ጥርሳቸው ይታይ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው የእማዋይሽ ወንድም አለበል ነው። አለበል ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው፤ ነጭ ጋዋኑን ለገበያም ይለብሰዋል። ሐኪሙን ጠይቆ መጣ። «ሦስት ሳምንት በጠንካራ ጣውላ ላይ ተንጋሎ መተኛት። መነቃነቅ ክልክል ነው» አለ። ጣውላም ይዞ መጥቷል፤ ጣልያን ጥሎት የሄደ በር ነበር። እጀታው አልተነቀለም።

«ሦስት ሳምንት!» አሉ ቀኝ ጌታ። «ያን ጊዜማ ወልደኢየሱስ ቦታዬ ላይ ቆሞ ያረጃል።»

እማዋይሽ ይህን ሰምታ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ ጭልጋ ላከችና አያ ሰጠኝ የሚባሉት ወጌሻ በበቅሎ መጡ። አባታቸውም አያታቸውም ወጌሻ ነበሩ። በሽተኛውን በሆዳቸው አስተኝተው፣ ወገባቸውን በቅቤ አሽተው፣ የራሳቸውን ጉልበት መሐል አከርካሪው ላይ አሳርፈው የበሽተኛውን ትከሻ ሳቡት። ቋ! አለ። ቀኝ ጌታ የአርባ አራቱንም ታቦት ስም ጠሩ።

«ገባ» አሉ አያ ሰጠኝ እጃቸውን እየጠረጉ። «ከእንግዲህ መተኛት የለም። የተኛ ወገብ ይደርቃል። ጠዋት ማታ ይራመዱ።»

«አያ ሰጠኝ፣ ምነው ሰው ትገድላለህ?» አለ አለበል። «አጥንት ተስቦ ይገባል ያለህ ማነው?»

«አንተስ ልጄ፣ በመርፌ ይሰፋል ያለህ ማነው?»

እንዲህ ሲሟገቱ ዋሉ። ሁለት ሰው በአንድ ወገብ ሲከራከር ባለወገቡን የሚጠይቅ የለም። ቀኝ ጌታ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወዱም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አያ ሰጠኝ እንዳዘዙት ሲራመዱ፣ ከሰዓት በኋላ አለበል እንዳዘዘው በሩ ላይ ሲንጋለሉ ሰነበቱ። በዐሥረኛው ቀን ቀጥ ብለው ቆሙ። አለበል «በሩ ነው» አለ። አያ ሰጠኝ «እጄ ነው» አሉ።

የበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ ታቦቱ ወጣ። ሁለቱም አካሚዎች ሥራቸውን ሊያዩ መጥተው ቅጥሩ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። ወረቡ ተጀመረ። ቀኝ ጌታ መቋሚያቸውን ይዘው አጎነበሱ፤ ቀና አሉ። ደግመው አጎነበሱ፤ ቀና አሉ። ሸጋ ነው። በሦስተኛው ከረር አድርገው ዝቅ ሲሉ ያቺ ድምፅ መጣች። ቋ! ከእሳቸው በቀር የሰማት የለም።

ቀና ለማለት ሞከሩ። ወገባቸው እምቢ አለ። «አለቀልኝ» አሉ በሆዳቸው። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በሰሊጥ!» እንባቸው መጣ።

ነገር ግን በዚያ ደብር መሪው ቀና ሳይል ቀና የሚል የለም፤ ነውር ነው። የቀኙ ወገን በሙሉ እንዳጎነበሰ ቀረ። ቀኝ ያደረገውን ግራ መመለስ አለበትና ግራ ጌታ ወልደኢየሱስም ወገናቸውን ይዘው አጎነበሱ። ያን ቀን ሲመኙት የኖሩት ነገር ፊታቸው ሲፈጸም እሳቸው የሚያዩት የገዛ እግራቸውን ነበር። ከበሮ መቺው ግራ ቢገባው ቀስ እያለ መምታቱን ቀጠለ። ከዚያ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ቅጥሩ ሥር «ይኸውልህ፣ በጉልበትህ ሰበርከው!» አለ አለበል።

«በር ላይ ያስተኛኸው አንተ፤ እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ አያ ሰጠኝ።

ታቦቱ እንዲሁ በጎንባሶች ታጅቦ ገባ። አለቃው ወጥተው ሕዝቡን ሲያዩ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትሕትና አላየሁም። ቦታው የቀኝ ጌታ ነው፤ ለከርሞም ሥርዓቱ እንዲሁ ይሁን» አሉ። «ይህን ወገብ ያዳነ እጁ ይባረክ!»

«አሜን» አለ አለበል። «አሜን» አሉ አያ ሰጠኝ። ሁለቱም እኩል ወደ ፊት ራመድ አሉ።

ቀኝ ጌታ አሁንም አልተቃኑም። እማዋይሽ በክንዳቸው ደግፋ ወደ ቤት ልትወስዳቸው ስትል፣ ከኋላ አንድ ሰው ኩስ ኩስ እያለ ደረሰባቸው። ግራ ጌታ ወልደኢየሱስ ናቸው። እሳቸውም አልተቃኑም።

«ወንድሜ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ነው ያዳነዎት?»

ቀኝ ጌታ ሐብተ ማርያም መሬት መሬቱን እያዩ ጥቂት አሰቡ።

«ሁለቱንም ይሞክሩ» አሉ። «በሩን ዛሬውኑ እልክልዎታለሁ።»