የቄስ ወልደ ሩፋኤል በሬ

ጾመ ሐዋርያት በተፈታ ሰሞን ትሕትና እና ሲግሪድ ከዳባት በላይ ባለች አንዲት መንደር የበቅሎና የአህያ ጀርባ ሲያክሙ ዋሉ። ትሕትና የዳባት ልጅ ናት፤ ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ተምራ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ሲግሪድ ከኖርዌይ የመጣች የዚያው ሙያ ተማሪ ናት። ሁለቱም ክረምቱን ያለ ደመወዝ ለማገልገል በአንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ገብተው፣ ከነሹፌሩ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ተሰጥቷቸው፣ ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ያለውን ገጠር ይዞሩ ነበር። ወደ ስሜን ተራሮች ሰፈር ወደ ጨነቅ የቱሪስት ጓዝ ጭነው የሚመላለሱት በቅሎዎች ጀርባቸው ተልጦ ስለሚመለስ ሥራ አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ ደርቤ የሚባል ገበሬ ቁልቁለቱን እየሮጠ መጣ።

«ሐኪሞች! ድረሱልን! የቄሱ በሬ ድንች ተሰንቅሮበት ሊሞት ነው!»

መኪናው በጭቃው ምክንያት ዋናው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለቱ ሴቶች የያዙትን ቦርሳ ብቻ አንሥተው ደርቤን ተከተሉት።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው በግቢያቸው ውስጥ ከበሬው ራስ አጠገብ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው በለሃጭ ርሷል። በሬው አንገቱን አስግጎ ለሃጩን ያዝረበርባል። አፉ ውስጥ ያስገባው ሣር ሳይታኘክ ከንፈሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩን ከቦ ያያል።

«ደርቤ ምላሱን ያዘልኝና እስከ ጉሮሮው ገብቼ ፈለግሁት፤ አልደረስኩበትም» አሉ ቄሱ ወደ ትሕትና ዞረው። «ያንቺ እጅ ቀጭን ነው ልጄ፤ እስቲ ሞክሪው።»

«ጓንቱ መኪና ውስጥ ነው፤ ሮጬ ላምጣ» አለች ሲግሪድ በእንግሊዝኛ።

ትሕትና አጥሩ ላይ የተደረደሩትን ፊቶች አየች። ጠዋት አንዲት ሴት «ይቺ ደግሞ የሐኪሟ አስተርጓሚ ናት?» ስትል ሰምታ ነበር። «እስክትመለሺ ይታፈናል» አለችና እጇን በውሃ አርጥባ በሬው አፍ ውስጥ ከተተች።

ጉሮሮው ባዶ ነው። ድንች የለም፣ አጥንት የለም፤ እጇን ሊገፋ ወይም ሊውጥ የሚሞክር ጡንቻ እንኳን የለም። እንደ ባዶ ስልቻ ለቋል። ድንገት በሬው መንጋጋውን ሲገጥም የጥርሱ ጠርዝ አንጓዋ ላይ ቧጠጣት። እጇን መንጭቃ አወጣች። ቆዳዋ ተልጦ ደም ጤዛ መስሎ ወጥቷል።

ያን ጊዜ ነው አስቀድማ ማየት የነበረባትን ያየችው። ምግብ ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት በሬ ጋዙን ማውጣት ስለማይችል ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይነፋል። የዚህኛው ጎን ጎድጉዷል። በሬው ጮኸ፤ ድምፁ ጎርናና፣ መሃል ላይ የሚቆረጥ ነበር። የኋላ እግሮቹም ተንገዳገዱ።

«ሳሙና!» አለች። «ሳሙናና ብዙ ውሃ! አባ፣ እርስዎም ይታጠቡ። ደርቤ፣ አንተም!»

የቄሱ ባለቤት እትዬ ዘቢደር በጀሪካን ውሃ እያንቆረቆሩላቸው ሦስቱም ክንዳቸውን ደጋግመው አሹ። ትሕትና እየታጠበች ጠየቀች።

«እትዬ፣ ይህን በሬ ውሻ ነክሶት ያውቃል?»

«አይ፣ የኛስ ውሻ ጨዋ ነበር» አሉ ዘቢደር። «በግንቦት ልደታ ሰሞን ግን አንድ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሻ ከብቱ መሃል ገብቶ ሲያምስ ነበር። የኛ ውሻ ሲታገለው ሞተ። ያን ክፉ ውሻ ደርቤ በዱላ ጨረሰው።»

ትሕትና ዐይኖቿን ጨፈነች። ሲግሪድ የሁሉንም ፊት እያየች ነገሩን ሳይተረጎምላት ተረድታዋለች።

«የእብድ ውሻ በሽታ ነው የሚመስለኝ» አለች ትሕትና።

ደርቤ ሳቀ። «ውሻ ያብዳል፤ በሬ አብዶ ያውቃል? እንዲያውም ካልዳነ ሳይሞት እንባርከው። ጾሙ ተፈትቷል፤ ይህን የመሰለ ሥጋ ለምን አፈር ይብላው?»

አጥሩ ዙሪያ ያለው ሰው አጉረመረመ። ለብዙዎቹ ሐሳቡ መልካም ነው። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል በሬውን ለረጅም ጊዜ አዩት። የዘር ወቅት ነው፤ ማሳቸው ገና ታርሶ አላለቀም።

«አይታረድም» አሉ በመጨረሻ። «ምንነቱን ያላወቅሁትን ነገር ለሰው አፍ አልሰጥም።»

ከባዱ ነገር ገና ነበር። ትሕትና ሦስቱም ዛሬውኑ ደባርቅ ሆስፒታል ሄደው ክትባት መጀመር እንዳለባቸው ተናገረች። ቄሱ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«እኔ በዚህ ሳምንት ሰሞነኛ ነኝ ልጄ። ቅዳሴው በኔ ላይ ነው። መርፌ ደግሞ ደም ያወጣል፤ ደም የፈሰሰው ካህን መቅደስ አይገባም። ጸበሌን እጠመቃለሁ፤ የቀረው የእግዚአብሔር ነው።»

«ጸበሉን ይጠመቁ አባ። ግን ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ መድኃኒት የለውም። የሚከለክለው አሁን የሚወሰደው ክትባት ብቻ ነው።»

«ሞት እንደሆነ የታዘዘ ነው» አሉ ቄሱ ረጋ ብለው። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

በዚህ መሃል ሲግሪድ የትሕትናን ክንድ ይዛ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ትሕትና መለሰችላት። የሲግሪድ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ምን አለችሽ?» አሉ ዘቢደር።

ትሕትና ልትዋሽ አሰበች። አንደበቷ ግን እሺ አላለም። «ተከትበሻል ወይ ነው ያለችኝ። እሷ ካገሯ ስትነሣ ተከትባ ነው የመጣችው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ አልተከተብኩም።» ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለገችም፤ እንባው ግን ቀደማት። «ፈርቻለሁ አባ።»

ቄሱ የተላጠውን አንጓዋን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን እጅ ገልበጥ አድርገው ተመለከቱ፤ ጣቶቻቸው መሃል በሥራ የተሰነጣጠቀ ቆዳ ነበር።

«እጅሽን አስገቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። ጋቢያቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሡ። «ዘቢደር፣ ቄስ ኪዳነ ማርያም ዘንድ ላኪ። ሰሞኔን ይያዝልኝ በይው። ይቺን ልጅ ብቻዋን አልሰዳትም።»

ደርቤ ግን እንደ ቆመ ነው። «እኔ ምላሱን ብቻ ነው የያዝኩት» አለ።

«ቄሱ ከሄዱ አንተ ማን ነህና ትቀራለህ?» አሉ ዘቢደር። «ወይስ ሚስትህን ልጥራት?»

ደርቤ ዋናው መንገድ ድረስ ተከትሏቸው ሄደና ፒክአፑ ላይ ከኋላ ወጥቶ የመድኃኒት ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ሲግሪድ ከበሬው ጋር ቀረች። ሹፌሩ ጓንትና መነጽር በሰው ከላከላት በኋላ ሦስቱን ይዞ ወደ ደባርቅ ነዳ። ትሕትናን መንገዱን ሙሉ ትዕቢቷ አቃጠላት፤ ጓንቱን ብትጠብቅ በሬው እንደሆነ የሚሆነውን ይሆን ነበር። ቄሱ ስለ በሽታው ሳያነሡ፣ አባቷ ጥበብ የሚባለው የዳባት ሰው መሆኑን ሲሰሙ «እሱማ ዳዊት አብረን ደግመናል» ብለው ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩላት ሄዱ።

ሆስፒታሉ ቁስሏን እንደገና አጥቦ ለሦስቱም ክትባቱን ጀመረላቸው። ቄሱ መርፌው ሲነቀል ነርሷን «ደሙን ደህና አድርገሽ ጥረጊልኝ» አሏት። ደርቤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተወጋ።

በሬው ሊመሽ ሲል ወደቀ፤ አልተነሣም። ሲግሪድ ለምርመራ የሚያስፈልገውን ናሙና ከበሬው ጭንቅላት ወሰደች፤ የቀረውን ጎረቤት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ውጤቱ ሲመጣ የተፈራው ነበር። ሥጋውን ሲመኙ የነበሩት ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

ቀጣዮቹ ሳምንታት ለትሕትና ረጃጅም ነበሩ። ሥራዋን አላቋረጠችም። ነገር ግን ውሃ በጠጣች ቁጥር ጉሮሮዋን ታዳምጥ ነበር፤ መዋጧን ካረጋገጠች በኋላ ነው ብርጭቆውን የምታስቀምጠው። አንድ ቀን ከሲግሪድ ጋር ተጣሉ።

«አንድ መኪና ውስጥ እየተሳፈርን፣ አንድ እንስሳ እየነካን፣ አንቺ ተከትበሽ እኔ ሳልከተብ! እንዴት አይታሰባችሁም?»

«የተከተብሽ መስሎኝ ነበር» አለች ሲግሪድ። «ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁሽም።» ሌላ ምክንያት አልደረደረችም። ትሕትና በዚያ ቀን አልታረቀቻትም፤ ግን አብረው ሠሩ። ሲግሪድ ለፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ደውላ አጥብቃ ተከራከረች፤ ከዚያ ወዲህ የአገር ልጅም ይሁን የውጭ፣ ሳይከተብ እንስሳ እንዳይነካ ተወሰነ። በዚያው ሳምንት ሁለቱ ምሳ ከአንድ ሳህን በሉ።

ቄሱ አንድ በሬ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ደርቤም ያለው አንድ ነው። ተቀናጅተው አረሱ፤ አንድ ቀን የቄሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የደርቤን። የክትባቱም ቀን ሲደርስ አብረው ደባርቅ ይወርዱ ነበር። ደርቤ በመጨረሻው መርፌ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ሩፋኤል በትረ መስቀላቸውን ተደግፈው ሕዝቡን አቆሙ። «ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ነገ ከወንዙ ዳር ይዞ ይምጣ። ሐኪሞቹ ልጆች ይከትቡታል። ያልመጣ ሰው ደጃፌን አይርገጥ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት የወንዙ ዳር ሌላ ዓለም ሆነ። ገመድ አንገታቸው ገብቶ የማያውቅ ውሾች እየተጎተቱ መጡ፤ ተናከሱ፤ ጌቶቻቸውን ጭቃ ላይ ጣሉ። ሲግሪድ መርፌውን ትሞላለች፤ ትሕትና ወፍራም ጓንት አጥልቃ ትወጋለች። ደርቤ አፍ ማሰር ለምዶ ሰውን ሁሉ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ!» እያለ ያዛል። ቄሱ ከውሾቹ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የዘገየውን ሰው በስሙ ይጠራሉ።

«ፋንታዬ! ያንቺ ጥቁር ውሻ የታለ?»

«እምቢ ብሎኝ ነው አባ! ከጎተራው ሥር ገብቶ አልወጣ አለ!»

«እንግዲያው ሐኪሟ ትምጣልሽ» አሉ ቄሱና ወደ ትሕትና ዞሩ።

ትሕትና ጓንቷን አጥብቃ ቦርሳውን አነሣች። ፋንታዬን ተከትላ ዳገቱን ወጣች።