አዝመራ በሰርጉ ገበታ

ሠዓሊው ሐጎስ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ቢያነሳም ግድግዳው ላይ ሊያሳርፈው አልደፈረም። ግራ ዓይኗን በልጅነቷ ፈንጣጣ ያጠፋባት ወጥ ሠሪዋ አዝመራ፣ ደህናውን ጎኗን ሰጥታው ቆማለች።

«በዚህ በኩል ይሣሉኝ፣ ጋሽ ሐጎስ።»

«በጎን አልሥልሽም፣ አዝመራ።»

«ምነው? የቤቱን ሠራተኛ ሁሉ ሥለው የለ?»

ሐጎስ ጨነቀው። ወይዘሮ ንግሥቲ ቦሌ መንገድ ባለው ምግብ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሠራተኞቻቸውን ታዳሚ ያደረገ የጥንት ሰርግ እንዲሥልላቸው ሲጠሩት እየበረረ ነበር የመጣው። ዓመቱን ሙሉ መፈክር ሲጽፍ ለከረመ ሰው፣ ከአብዮት በዓል በተረፈ ቀይ ቀለም የሙሽራ ካባ መሣል ትልቅ እፎይታ ነው። አሣሣሉን ያስተማሩት የደብር ሠዓሊ የነበሩት አባቱ ናቸው፤ ሕጋቸውም የታወቀ ነው፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን።

«በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው» አላት እያፈረ።

«እንግዲያ ሁለት አድርግላትና ገላግለን!» አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ ከባንኮኒው ጀርባ። «ላንተ አንዲት ጠብታ ቀለም ናት!»

እሾህ ላጣሪው፣ ሥራ ለሠሪው ይባላል፤ ሐጎስ ግን ታዘዘ። ባለ ሁለት ዓይን ቆንጆ ሣለ። አዝመራ አየቻት፣ አየቻትና ወደ ሐጎስ ዞረች።

«መልኳስ ያምራል። ግን ማን ናት? ልጄ ግንባር ሆኖ ፎቶሽን ላኪልኝ ሲለኝ፣ በዚህ ዓይኔ እያፈርኩ ተነስቼ አላውቅም። ሲመለስ እናቱን እዚህ ያግኛት ብዬ ነበር።»

ሐጎስ ብሩሹን አስቀመጠ። ይህች ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ ምግቡን በወጥ ቤቱ መስኮት እያቀበለች፣ እንግዳ ባለበት ብቅ ብላ አታውቅም።

«ወደ እኔ ዙሪ፣ ሙሉ ፊትሽን» አላት።

ቆንጆዋን አጠፋና እንደገና ጀመረ። ፊቷን እንደ ደጎቹ ፊት ለፊት ሣለው። ቀኝ ዓይኗን እንደ ቅዱሳኑ አጎላው፤ ግራውን ግን እንደተከደነ ተወው።

«አባትህ ቢያዩት ምን ይሉህ ነበር?» አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ።

«አባቴ አዝመራን አላወቋትም።»

አዝመራ ሥዕሉ ፊት ቆመች። «ይቺስ እኔ ነኝ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

ምሳ ሰዓት ደርሶ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኞች ወንበሩን ሞሉት። አስተናጋጁ እንደ ወትሮው መስኮቱ ላይ እጁን ዘረጋ። አዝመራ እንደ ልማዷ በግራ ፊቷ ላይ የጣለችውን ሻሽ ወደ ኋላ መለሰችና ትሪውን ራሷ አነሳች።

«ተወው፣ እኔው አደርሰዋለሁ» አለችው፤ በሩንም ከፍታ ወደ እንግዶቹ ወጣች።