ስፖርት ነው፣ እትዬ ውዱ
በእኛ በቆሰበር ጎልማሳ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ ሰው ሞቷል። የእኔ ሐኪም ግን የሌላ አገር ሰው ነውና ስኳሬ አልወርድ ሲለው በየቀኑ አንድ ሰዓት እንድሮጥ አዘዘኝ። ጊዜው የኮሮና ነው። ሜዳው ተዘግቷል፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ሳልወድ በግዴ፣ ማስክ አጥልቄ በማለዳ ብቻዬን በመንደሩ ጓሮ ጓሮ መሮጥ ጀመርሁ።

መንገዱ በእትዬ ውዱ ደጅ ያልፋል። አንድ ልጃቸው ዋኘው በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በሽታው ሾፌሮችን እየያዘ ነው መባል ከጀመረ ወዲህ እትዬ ውዱ እንቅልፍ አጥተዋል። መርዶ ደግሞ የሚነገረው ማለዳ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ እኔ ጅሉ፣ አፌን ሸፍኜ በቀጥታ ወደ በራቸው ሮጥሁ።

አጥራቸው ሥር ቆመው ነበር። ሲያዩኝ አጥሩን ጨበጡ።

«ዋኘው ነው?» አሉ።

ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር አቃተኝ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወስደው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ስልኬን አውጥቼ ለዋኘው ደወልሁ። ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልሁ፤ አይነሣም። ጩኸት የሰማው ጎረቤት እየወጣ ግቢው ሞላ፣ የአራት ሰው ሕግ ቀረ። በስድስተኛው ልጁ አነሣ፤ ስልኩን ስሰጣቸው «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» አላቸው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ገና ከሩቅ «ስፖርት ነው፣ እትዬ ውዱ!» እያልሁ አልፍ ነበር። መጀመሪያ ይረግሙኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱኝ። «ሩጥ፣ ይኸነው፣ ሩጥ። አንተ ስትሮጥ ልጄ ደኅና ነው» ይሉኝ ጀመር። እውነት ለመናገር ከሐኪሙ ትእዛዝ ይልቅ በየማለዳው ከአልጋ የሚያስነሣኝ ይኼ ቃላቸው ሆነ።

በሐምሌ ለእኔ ተደወለልኝ። ዋኘው በመንገድ ላይ ታሞ ከተኛበት አልተነሣም።

መርዶ ነጋሪ አራት ሰው ተመረጠ። እኔን ተዉኝ ብዬ ለመንሁ፤ የሚቀርባቸው አንተ ነህ ብለው እምቢ አሉ። በማግሥቱ ማለዳ በካፊያ ውስጥ ተራርቀን፣ አንገታችንን ደፍተን በዝግታ ሄድን። እትዬ ውዱ እንደ ልማዳቸው አጥራቸው ሥር ቆመዋል። ከአራታችን እኔን ብቻ አዩ።

«ይኸነው» አሉኝ፤ «ሩጥ እንጂ። እባክህ ሩጥ።»