ብዙ ድምፅ ባለበት መረብ አይጣልም

ኤሹን ባሕርን በጆሮው የሚያነብ ሰው ነበር። ነበር መባሉ ጆሮው ደክሞ ሳይሆን ሰው ንቆት ነው። በደጉ ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፣ አሥራ ሁለቱ ዓሣ አጥማጆች ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፣ እሱ ባለ ሦስት ጣት መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ይሰድና እጀታውን ከጆሮው ሥር ይለጥፋል። ትንሽ ቆይቶ «ወደ ግራ፣ ሁለት ገመድ ያህል» ይላል። መረቡ እዚያ ይጣላል፤ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። በሞሪ ባሕር ዳርቻ ይህን የማይመሰክርለት ሽማግሌ የለም። ምስክርነት ምንም አያስወጣማ!

ታላቅ ወንድሙ ሲሞት ከአባታቸው የወረደው ታንኳ በወጉ ለእሱ መድረስ ነበረበት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «የእህትህ ልጅ ኤኮው የተማረ ነው» ብሎ ዘለለው። ኤሹን ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነው፤ ያቺን ሦስተኛ ክፍል ስንት ጊዜ እንዳነሱበት ቆጥሮ ይዟል። ኤኮው ደግሞ ታንኳውን በተረከበ በዓመቱ ዓሣ የሚያሳይ መሣሪያ ገዛ። ሞተር ነጂው ጆጆ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ኤግያ፣ እንግዲህ ጆሮዎን ለስብከት ያስቀምጡት!» አለ፤ «ኤግያ» በእነሱ ቋንቋ «አባባ» እንደ ማለት ነው። ሁሉም ሳቀ። ኤኮውም ሳቀ። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ኤሹን ኮኮናት ሥር ተቀምጦ የሰው መረብ ይጠግናል።

ዘንድሮ ነሐሴ ገባ። በነሐሴ ባሕሩ እግር እስኪቆረጥም መቀዝቀዝ አለበት፤ ሰርዲኑን ይዞት የሚመጣው ቅዝቃዜው ነው። ውኃው ግን የሕፃን ገላ የሚታጠቡበት ይመስል ለብ እንዳለ ቀረ። የኤኮው መሣሪያ «እዚህ ጋ ሞልቷል» ብሎ ቀይ ያበራል፤ መረብ ይጣላል፤ የሚወጣው እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ፣ አጥንትም ጣዕምም የሌለው የባሕር ጉድ ነው። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሴቶቹ ባዶ ሳፋቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ማንም አይወጣም። ኤኮው እናቱን ማንሳን አስቀድሞ፣ በአገሩ ወግ ታላቅ ሰው የሚለመንበትን መጠጥ፣ አንድ ጠርሙስ ጅን ይዞ መጣ።

«ዎፋ፣ እንደምን አደሩ?» አለ። የእናቱ ወንድም ነውና እንዲህ ነው የሚጠራው።

«መሣሪያህ እንዴት አደረ?» አለ ኤሹን፣ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሳ።

«ኧረ ይተዉኝ፤ ዓሣና ንፍጥ አይለይም።»

«የተማረ ነው ብላችሁ የለ?»

ማንሳ ጠርሙሱን ከልጇ እጅ ነጥቃ መሬት ላይ አኖረችው። «ስማ ወንድሜ፣ ቂምህን ቀቅለህ መብላት ትችላለህ፤ እኔ ግን ድስቴ ባዶ ነው። ነዳጁ ለሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ታንኳውን ሊገዛን የሚያደባው የወደቡ ነጋዴ ይወስደዋል። የአባታችን ታንኳ በባዕድ እጅ ሲገባ እዚህ ተቀምጠህ ክር ታጠልቃለህ?»

«ይቅርታ የጠየቀኝ አለ?»

ኤኮው መሬት መሬቱን አየ። «ጅን ይዤ የመጣሁት ለምን መሰለዎት?» አለ በቀስታ።

ከይቅርታ ይቆጠር አይቆጠር ኤሹን ብዙ አሰበበት። በማግስቱ ግን መቅዘፊያውን ይዞ ታንኳው አፍንጫ ላይ ተቀመጠ።

ረቡዕ ማለዳ ሞተሩ ጠፋ፣ እሱም ጆሮውን ጣለ። ሰርዲን ሲኖር ባሕሩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። አሁን የሰማው ግን የገበያ ጫጫታ ነበር። አንዱ በር ያንኳኳል፣ አንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዱ ጉሮሮውን እንደ ሽማግሌ ይጠርጋል፤ ዕድሜ ልኩን ሰምቶት የማያውቀውም አለ። ሙያውን ያስተማረው አጎቱ «ብዙ ድምፅ ባለበት መረብ አይጣልም» ይለው ነበር። ብዙ ድምፅ ካለ ድንጋይ አለ፤ ድንጋይ ደግሞ መረብ ይበላል።

«እዚህ አይሆንም፤ እንሂድ» አለ።

ሌላም ቦታ ያው ጫጫታ ነው። ሦስተኛውም ያው። ባዶ ገቡ። ሐሙስም ባዶ።

«ኤግያ፣» አለ ጆጆ፣ «ዓሦቹ ቀጠሮ ሰጥተውዎታል ወይስ ደጅ እየጠኑ ነው?»

«አንተ ሞተርህን ንዳ!»

ዓርብ የመጨረሻው ነዳጅ ነበር። ሲሄዱ ማንም አልቀለደም፤ ጆጆ እንኳን። ኤሹን መቅዘፊያውን አስገባ፤ ያው ገበያ። ከታንኳው ሥር ያለው ግን ድንጋይ አልነበረም፣ ንጹሕ አሸዋ ነው፤ እዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ መልሕቅ ጥሏል። ባሕሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ድንጋይ አያበቅልም። ለብ ያለው ውኃ ሰርዲኑን አባርሮ በምትኩ ከየአገሩ እንግዳ አምጥቶ ነበር። የአጎቱ ሕግ የተነገረው ለቀዝቃዛ ነሐሴ ነው፤ አጎቱ እንዲህ ያለ ነሐሴ ሳያይ ሞቷል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ኤሹን ረቡዕ ዕለት ጠርጥሯል። መናገር ግን በጆጆ ፊት «ጆሮዬ ሰምቶ ነበር፣ እኔ ነኝ የሳትኩት» ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሎች «ተሳስተናል» እስኪሉት የጠበቀ ሰው ነው፤ አሁን ቃሉ ዞሮ መጥቶ የእሱ ተራ ሆነ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ታንኳው ይሄዳል፣ እሱም ኮኮናቱ ሥር ተቀምጦ «ብያችሁ ነበር» ይላል። ለትንሽ ጊዜ፣ አፈር ይብላውና፣ ይህ ጣፈጠው።

ቀና ሲል ኤኮውን አየው። መሣሪያውን አጥፍቶ፣ እንደ ተማሪ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የእሱን አፍ እየጠበቀ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አለ ኤሹን።

«ምን አሉ?» አለ ኤኮው።

«ሰምተኸኛል፣ አታስደግመኝ! ከረቡዕ ጀምሮ ዓሣ ላይ ነው ያለነው። በሰርዲን ሕግ ሰምቼ አሳለፍኳችሁ። አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዘር ማንዘሩ ነው፤ ከታች አሸዋው ላይ ነው። የሰርዲን መረብ አይደርስበትም። ለየራሳችሁ ወጥ የምትይዙባትን የእጅ መንጠቆ አውጡ።»

ጆጆ አፉን ከፈተ፤ ኤኮው ክንዱን ያዘው። ጆጆም አፉን ዘጋና ከመቀመጫው ሥር መንጠቆውን አወጣ።

መጀመሪያ የወጣው ክንድ የሚያህል ቀይ ዓሣ ነበር፤ እጅ ውስጥ ሆኖም ያንጎራጉራል። ኤሹን ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ጆሮው አስጠጋው። «አንተ ነህ እንዴ!» አለው። ቀጥሎ ባለ ቢጫ መስመር፣ ቀጥሎ አፉ እንደ ከረጢት የሆነ፣ ቀጥሎ ማንም ስም የማያውቅለት ወጣ። እሱም እያንዳንዱን እየተቀበለ ያዳምጣል፦ «በር አንኳኪው ይኼ ነው... ይኼ ሽማግሌው...»

«ኤግያ፣ ስልክ ነው እንዴ?» አለ ጆጆ።

«አዎ፤ ላንተ አይደለም።»

አሥራ ሁለቱም ሳቁ፤ ኤሹንም ሳቀ። ቀትር ላይ ሲቆጥሩ አሥራ አራት ዓይነት ሆነ። ታንኳው አልሞላም፤ ውሸት ምን ያደርጋል! ቢሆንም እያንዳንዱ ዓሣ ሴቶቹ በዋጋ የሚከራከሩበት ትልቅ ትልቅ ነበር፤ ለየቤቱ ድስትና ለሳምንት ነዳጅ ይበቃል። ነጋዴውም ሌላ ታንኳ ይፈልግ።

ከመመለሳቸው በፊት ኤኮው መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ዎፋ፣ እስቲ እኔም ልስማ።»

ኤሹን ለመከልከል አፉ ላይ የደረሰ ነገር ነበረው፤ ዋጠው። መቅዘፊያውን ሰጠውና እጀታውን ከጆሮው ሥር ራሱ አስተካከለለት። ኤኮው ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ዱብ ዱብ የሚል ነገር አለ» አለ በመጨረሻ። «የትኛው ዓሣ ነው?»

«የገዛ ደምህ ነው፣ ሞኝ! ሁሉም መጀመሪያ የሚሰማው እሱን ነው። ዝም በልና ቆይ፤ እሱ ሲደክመው ሌሎቹ ይመጣሉ።»