ቅቤው የደረሰበት

በጣሊያን ዘመን ሥራነሽ በደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት የባሏን የአወቀን አንገት በጨርቅ ትጠርግ ነበር። እብጠቱ ይከስማል ብላ ለወራት የቀባችውን ቅቤ ጣሊያኑ ሐኪም እንድታጸዳ አዟታል። ከእብጠቱ ጥቂት ሥጋ ቆርጦ በማጉሊያ መነጽር ሊያየው ነው።

«ሌላ ቦታስ እብጠት አለህ?» አለ አስተርጓሚው።

«የለኝም» አለ አወቀ።

ሥራነሽ ቀና ስትል በእጀ ጠባቡ ብብት ላይ የቅቤ ወዝ አየች። እሷ እዚያ ቀብታው አታውቅም።

«አንቱ፣ ይኼን ደግሞ ማን ቀባዎ?»

«ዝም በይ!» ብሎ ክንዷን ጨመቃት። «ብዙ ቦታ ነው ካልኳቸው አስመራ ይወስዱኛል። በጣሊያን እጅ ልሙት?»

«ደብቀውት ቤትዎ ቢሞቱስ ማን ያርሳል፣ ቅቤው?»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። «ወንድሜ፣ ሐኪሙ ሕመሙ የትና የት እንደደረሰ ካላወቀ በምን ያክምሃል?»

አወቀ ሚስቱን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ክንዷን ለቀቀና የራሱን ክንድ ቀስ ብሎ አነሳ። ሐኪሙ ብብቱን ዳስሶ እብጠት አገኘ፤ ወደ ብሽሽቱም ወረደ። እዚያ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ የለም፤ ወደ ታች አልወረደም ይላል» አለ አስተርጓሚው።

ሥራነሽ የብብቱን ቅቤ ጠርጋ ጨረሰችና ጨርቁን አጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረችው።