ገሠሠ ከዋሻ ሲወጣ

ደርግ ጎልማሳውን ለጦርነት ሲያፍስ፣ ገሠሠ ሸሽቶ ጓሳ ዋሻ ውስጥ ከአንድ ባሕታዊ ዘንድ ተሸሸገ። ባሕታዊው ዝምታ የተሳሉ ነበሩና አራት ዓመት ሙሉ ወሬ የሚባል ሳይሰማ ኖረ። በ፲፱፻፹፭ ዓ.ም. እሳቸው ሲያርፉ ቀበራቸውና፣ የመጣው ይምጣ ብሎ ወደ አገሩ ሞላሌ ወረደ።

ገበያው ዳር አንድ ታጣቂ አስቆመው።

«አንተ ሰውዬ፣ ስምህ ማነው?»

«ገሠሠ እባላለሁ። ዕድሜዬ ለውትድርና ገና አልደረሰም፤» አለ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ጢሙ ደረቱን ሸፍኖት።

ታጣቂው ሳቁ አመለጠው። «የምን ውትድርና? ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት አለፈውኮ!»

ገሠሠ ወጥመድ መሰለው። ላቡን እየጠረገ፣ «የቀበሌው ሊቀመንበርስ?» አለ።

«አሉ።»

«ማኅተማቸውስ?»

«እሱ ተቀይሯል።»

«ስብሰባውስ?»

«ተጀምሯል፤ ቶሎ ግባ! የቀረ ሰው ይመዘገባል።»

ገሠሠ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ገባ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ሚስቱ ወሰንየለሽ ቀና ስትል አየችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና ክንዱን ጨምድዳ ያዘች።

«እልል እንዳልል ስም እየተጠራ ነው፤» አለችው በሹክሹክታ።

ገሠሠ ሚስቱን ያቀፋት ፀሐይ ካዘቀዘቀች፣ ሊቀመንበሩም ሦስት ጊዜ «በመጨረሻም» ካሉ በኋላ ነበር።