ከግድግዳው ማዶ ያለ እንቅልፍ

«ታዲያ በልብሽ ማንበብ አትችይም?»

ነርሷ በሯን ገርበብ አድርጋ እንዲህ ስትላት፣ የአንዲት ልጅ እናት የሆነችው የግቢው ጎረቤቷ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶች ፊደል ይማራሉ፦ አናጢው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ «ጡሩምባ» የሚሏት ሽንኩርት ነጋዴ፣ እናትየውም ጭምር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እነሱ ጣሪያው እስኪነሳ ያነባሉ። ጡሩምባማ አንድ ቃል ከገባት ዓለም ሁሉ ይስማልኝ ባይ ናት። የአዳራሹ ግድግዳ ግን የነርሷም መኝታ ቤት ግድግዳ ነው። ነርሷ ሌሊቱን ሆስፒታል ስለምታድር የምትተኛው ቀን ነው። ታግሣ ታግሣ ሲመርራት ለወረዳው አመለከተች። ደንብ አስከባሪው የድምፅ መለኪያ ይዞ መጣና «ከልኩ አልፏል። ወይ ቀንሱ፣ ወይ ትምህርቱ ይዘጋል» አለ።

«ኧረ ወንድሜ፣ እኛ እኮ አንጮህም!» አለች ጡሩምባ እየጮኸች።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብሎ መለኪያውን አሳያት።

ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ሲያነቡ ሐሜተኛ መሰሉ። መምህሩ ስህተታቸውን መስማት አቃተው፤ አናጢው እንቅልፉን ለጠጠ። እናትየው የለመደቻቸው ፊደላት እንኳ ተደበላለቁባት። የልጇ የአስም መድኃኒትና የሳል ሽሮፕ ጠርሙሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የምትለያቸው በአንደኛው አንገት ባሰረችው ክር ነው። ክሩ አንድ ቀን ቢፈታስ? ፊደል ያስቆጠራት ይህ ፍርሃት ነበር። ትምህርቱ እንዳይዘጋ ልትለምን ነበር የነርሷን በር ያንኳኳችው።

«ሲስተር፣ ልጄ ታማሚ ናት» አለቻት። «መድኃኒቷን ቀያይሬ እንዳልሰጣት እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።»

«አንቺም የለሽማ!» ነርሷ የቀሉ ዓይኖቿን አሸች። «እኔስ? ሳልተኛ ገብቼ የአንዱን በሽተኛ መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል ባልደረባዬ ናት ያስጣለችኝ።»

አንዳቸው ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር።

«የኔ ክፍል ከጓሮ ነው፤ ድምፁ አይደርስበትም» አለች እናትየው ድንገት። «ልጄ ትምህርት ቤት፣ እኔ አዳራሽ። አልጋው ባዶውን ነው የሚውል። እዚያ ተኚ።»

«በሰው አልጋ?»

«አንሶላ እቀይራለሁ! ቁንጫም የለበትም፤ ካላመንሽ ሰውዬው መለኪያውን ይዞ ይምጣ።»

ነርሷ ሳትወድ ሳቀች። በማግስቱ ትራሷን ታቅፋ ግቢውን ስታቋርጥ ጡሩምባ «ሲስተር፣ ሙሽራ መሰልሽ!» ብላ ለከፈቻት። አቤቱታው ተሰረዘ፤ ንባቡም ድምፁ ተመለሰለት።

ግን የሰው አልጋ የሰው ነው። ነርሷ ጎኗን እያገላበጠች ትውላለች። እናትየውም ልጇ ቀድማ ከትምህርት ቤት የመጣች ቀን በገዛ በሯ ላይ ቆማ «እሽሽ» ትላለች። ማንም አላማረረም፤ ሁለቱም ግን እየከሱ ሄዱ። በዚህ መሃል እናትየው የጠርሙሱን ጽሑፍ እየጎተተች ማንበብ ቻለች። ለመምህሩ ነገረችው። ለነርሷ ግን አልነገረቻትም፤ ንባቧ በነርሷ እንቅልፍ የተገዛ ስለመሰላት አፈረች።

ክረምቱ ሲገባ ነርሷ ጸጥ ያለ ሰፈር ቤት ተከራይታ ሄደች። ትምህርቱ እዚያው ቀጠለ፤ እናትየውም ማንበቧን ሳትነግራት ግቢው ውስጥ ቀረች።